የአባባ ደምሴ አፍንጫ

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄ ማህሌት «በረሮ ከቤት ሊያስወጣን ነው» ብላ ከሱቅ የሚነፋ የተባይ መድኃኒት ገዝታ መጣች። «እማማ፣ እስኪናፈስ ድረስ በረንዳ ላይ ይቀመጡ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከገዛ ወጥ ቤቴ ውጪ መባሉ አናዶኝ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆምኩ። ልጅቷ ከቁም ሳጥኑ ሥር ሁለት ጊዜ ነፋችው። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የዱቄቱ ባልዲ ላይ ዘፍ አልኩ። ማህሌት ደንግጣ «ምን ሆኑ? ውኃ ላምጣ?» ትላለች፤ እኔ እየሳቅሁ «ተመስገን፣ ተመስገን» እላለሁ። አሮጊቷ ለየላት ብላ እንዳታስብ ታሪኩን ልነግራት ጀመርኩ። ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ስልኳ ወሰደባት። እናንተ ወረቀቱን ይዛችኋልና ሙሉውን ለናንተ ልንገራችሁ።

ዛሬ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ሄጄ የኛን ቦታ ላሳያችሁ ብል ራሴም አላገኘውም። መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ያኔ ግን ከመኪና መንገዱ ገባ ሲባል፣ ከመዶሻው ድምፅ የተነሣ ሰው በጥቅሻ የሚግባባበት ቀጭን መተላለፊያ ነበር። እዚያ ውስጥ በግራ በኩል ሦስተኛው ቆርቆሮ ቤት የኛ ነበር፤ ከፊት ለፊት መሥሪያ፣ ከጓሮ መኖሪያ። የባለቤቴ የጌታቸው አባት አባባ ደምሴ በወጣትነታቸው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ላሜራ ሲያቃኑ ኖረው፣ «የሀብታም መኪና ከምደበድብ የድሃ ጉልቻ ብደበድብ ይሻለኛል» ብለው ወጡና የእንጨት ምድጃ መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ከአንድ በርሜል አንድ ምድጃ እንኳ በቅጡ አይወጣላቸውም ነበር አሉ። ቆይቶ ሦስት ማውጣት ለመዱ። በርሜሉ በመሮ ይቆረጣል፣ ከባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ተደርጎ ጠርዙ ይታጠፋል፣ እግሩ ከፌሮ ይሠራል፣ ከታች አመድ የሚወጣበት ትንሽ በር ይበጅለታል፣ ሆዱ ጭድና አመድ በገባበት ጭቃ ይለሰናል። ጭቃው የጌታቸው ሥራ ነበር፤ መሸጡ የኔ። አማቴ ሴትየዋ ቀደም ብለው ስላረፉ የቤቱ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባባም ከሠርጌ ዓመት አልፎ እንኳ «ሙሽሪት» ነበር የሚሉኝ።

ዘመኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋዝ ጠፍቶ ሰው የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ከጎህ ጀምሮ ይሰለፍ ነበር፤ የደከመው በስሙ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ በድንጋዩ ይጣላል። ለኛ ግን የጋዙ መጥፋት ሲሳይ ሆነልን። ጋዝ የሌለው እንጨት ያነዳል፣ እንጨት የሚያነድ ደግሞ ምድጃ ይፈልጋል። ትልቁ ስምንት ብር፣ ትንሹ አምስት ብር ነበር፤ የሸመታ ሴቶች አንድ ብር ለማስወረድ ግማሽ ቀን ሲከራከሩኝ ይውሉና ሲሸነፉ ሻይ በዳቦ ይጋብዙኝ ነበር። ጌታቸው ያን ጊዜ አፍሮውን ከፍክፎ እግሩ የሰፋ ሱሪ ይለብሳል፤ የሱሪው ጫፍ ወለሉ ላይ ያለውን የላሜራ ፍቅፋቂ ሁሉ እየጠረገ ስለሚሄድ ጠራጊ አንቀጥርም እያልኩ አበሽቀው ነበር። እኔም ከሠርጌ የተረፈ አንድ የጀርሲ ቀሚስ ነበረኝ፣ ብርቱካናማ፤ ጥላሸት እንዳይነካው ከላዩ ሁለት ሽርጥ አስር ነበር። ወደ ሶማሌ ተራ መታጠፊያው ላይ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ወደኛ አዙሮ ያስጮኸው ነበር። የፍቅር ዘፈን ሲመጣ መዶሻዎቹ ይዘገያሉ፤ አባባ «ኧረ ሥራ! ሥራ!» ይላሉ። ሬዲዮው የሰልፍ መዝሙር ሲጀምር ደግሞ ተራው በሙሉ ሳይወድ በግዱ በአንድ ምት ይመታል።

አሁን ወደ አፍንጫው ልምጣ። ባዶ በርሜል ከየት እንደመጣ፣ ሆዱ ውስጥ ምን ይዞ እንደኖረ አይናገርም። የምግብ ዘይት የነበረበት አለ፣ የሞተር ዘይት የነበረበት አለ፣ ሬንጅም ቀለምም የነበረበት አለ፤ መርዝ የነበረበትም አለ። ጽሑፉ ወይ ተፍቋል ወይ በማናውቀው ቋንቋ ነው። አባባ ደምሴ ጋራዥ ሳሉ አንድ ባልደረባቸው ምን እንደያዘ ያልታወቀ በርሜል ሲቆርጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ሳያሸቱ በርሜል አያስቆርጡም። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ የበርሜሉን ክዳን ይፈታሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ይስባሉ። «ዘይት ነው» ካሉ መሮው ይነሣል። «ይሄ ቤት አይገባም» ካሉ ሻጩ ያለ ክርክር እያንከባለለ ይወስደዋል። የተራው ሰው ሁሉ የገዛውን በርሜል እየገፋ እሳቸው ዘንድ ያመጣ ነበር። ለዚህ ሥራቸው ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም። «ደምሴ አሽትቶታል» ከተባለ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አፍንጫ አይጠየቅም።

አንድ ክረምት ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ሁለት ሳምንት ተኝተው ተነሡ፤ እኛም ተነሡልን ብለን ደስ አለን። አንድ ቀን ታዲያ ጋዝ የነካ ቢላ ሳላውቅ ሽንኩርት ከተፍኩበት። ወጡ ሲቀርብ ጌታቸው አንድ ጊዜ ጎርሶ ገፋው፤ «ይሄ ወጥ ነው ወይስ ኩራዝ?» አለኝ። አባባ ግን እያጣጣሙ በሉ። «እጅሽ ይባረክ፣ ሙሽሪት» አሉኝ። ጌታቸው አባቱ እኔን ላለማሳፈር የበሉ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አየኋቸው፤ እንዳየኋቸውም አዩ። ዓይናቸውን ወደ ትሪው መልሰው የቀረውን ጠርገው በሉ። በማግሥቱ እንጀራ እያረረ አጠገቡ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ሳይ እርግጠኛ ሆንኩ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዛሬ ቢሆን በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ማን ይችለኛል። ያኔ ግን ገና የገባሁ ምራት ነኝ። ተራው በሙሉ የሚምልበትን አፍንጫ «አባባ፣ ሞቷል እኮ» ብዬ መናገር ሱሪያቸውን አደባባይ ላይ ከማውለቅ አይሻልም መሰለኝ። ለጌታቸውም አልነገርኩም፤ እሱ ሲቆጣ ድምፁ እህል በረንዳ ድረስ ይሰማል። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። በርሜል በመጣ ቁጥር እጃቸውን የማስታጥብ መስዬ ማንቆርቆሪያ ይዤ ወጣሁ። ክዳኑ ሲፈታ ቀድሜ አሸታለሁ። ደኅና ከሆነ ውኃውን አፈስላቸዋለሁ፤ ካልሆነ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ማንቆርቆሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ታጠቡና ሦስት ጊዜ ስበው «ዘይት ነው» አሉ። አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። እንዲህ አድርገን አምስት ወር ሠራን። በነዚያ ወራት የደምሴ አፍንጫ ያለው እኔ ፊት ላይ እንደሆነ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንሽ ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ አንድ ትልቅ የመንግሥት በዓል ቀረበና የቀበሌው ሴቶች በሙሉ ለሰልፍ ልምምድ ተጠራን። የቀረች ስኳሯን አታገኝም ተባለ። አራት ቀን ሙሉ፣ ለእግሬ የሚሰፋ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ የወረቀት አበባ ይዤ፣ ሜዳ ላይ «ግራ ቀኝ» ስባል ዋልኩ። ሌላው ወደ ግራ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ ዞሬ ከጎረቤቴ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ እንጋጭ ነበር። በሁለተኛው ቀን በርሜል አምጪያችን ኑሪ ሦስት በርሜል ጭኖ መጣ። ኑሪ ቅን ሰው ነበር፤ ከሐራጅ የገዛውን ይዞ ይመጣል፣ ምን እንደነበረበት የሚያውቀው እሱም በአባባ አፍንጫ ነው። «ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉልኝማ፣ መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሞብኛል» አላቸው። የተራው ሰዎችም እንደ ልማዳቸው ለማየት ከበው ቆሙ። አባባ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳው በር ዞረው አዩ አሉ። ማንም አልወጣም። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በየተራ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳቡ፣ ለሦስቱም «ዘይት ነው» አሉ። ከሦስቱ አንዱ አረንጓዴ በርሜል ነበር።

ማታ ማታ ደክሞኝ ስመጣ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ከመተኛት በቀር ምንም አላየሁ። ቅዳሜ ወደ ሥራዬ ስመለስ ምድጃዎቹ ተለስነው ውጪ ተደርድረው ነበር፤ የእርጥብ ጭቃ ሽታ እንጂ ሌላ አልሸተተኝም። አረንጓዴዎቹ ሦስቱም ዓይን ስለሚስቡ እስከ ቀትር አለቁ። አንዱን የሰባተኛ ሰፈር ጠላ ሻጭ ወሰደች። አንዱን እዚያው ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ ዳስ ዘርግታ ሻይ የምትሸጥ እትዬ ሙሉ የምትባል ሴት ገዛች። ሦስተኛውን የወሰዱት ከሸኖ የመጡ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው በቅርቡ ወልዳ ብርድ ላይ እንደሆነች እየነገሩኝ ምድጃውን በእጃቸው ይደባብሱት ነበር። ለሁሉም የምንለውን አልኳቸው፤ ጭቃው እስኪደርቅ አሥራ አምስት ቀን እሳት አይንካው። «ኧረ ልጄ፣ የሸኖ ብርድ አሥራ አምስት ቀን ይሰጣል?» ብለው ሳቁ። ምድጃውን የተራችን ተሸካሚ ጫንያለው ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ተከተላቸው።

ሰኞ ጠዋት ጌታቸው «ያንን ክዳን አቀብዪኝ፣ ለፍርግርግ ልቁረጠው» አለኝ። ጥግ ላይ የቆመውን አረንጓዴ ክዳን አነሣሁ። ወደ ደረቴ ሳስጠጋው ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሰፈራችንን ትኋን ሊያጠፉ የሚመጡት ሰዎች የሚረጩት ዓይነት ነበር፤ ጣፈጥ ብሎ የሚያንቅ፣ ግን ከዚያ አሥር እጥፍ የከበደ። ክዳኑን ይዤ አባባ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ይህን በርሜል ማን አሸተተው?»

«አባባ ናቸዋ፤ ሌላ ማን አለ?» አለ ጌታቸው።

«አባባ ከክረምቱ ወዲህ አይሸታቸውም።»

መዶሻው ቆመ። ጌታቸው ክዳኑን ነጥቆኝ አሸተተ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ይህን ሽታ ያኔም ሸትቶት ነበር። ሆዱን ሲለስን ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን አሞት ነበር። በርሜሉን በመሮ የቆረጠው የቀን ሠራተኛም ሸትቶት ነበር፤ ከበው የቆሙት ሰዎችም ሳይሸታቸው አልቀረም። ግን «ዘይት ነው» ተብሏል። አንዱም የገዛ አፍንጫውን አላመነም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛልም ያስፈራኛልም፤ ያ ሁሉ ጤነኛ አፍንጫ ቆሞ የማይሠራውን አንዱን አመነ።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?» ብሎ ጌታቸው ጮኸብኝ። ምን እላለሁ፤ አውቄ ነው።

«ተዋት» አሉ አባባ፤ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «እሷን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እሷ በሌለች ቀን ነገ ተመለሱ ማለት አቃተኝ።» ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው «ስንት ምድጃ ወጣው?» አሉ። ሦስት አልኩ። «አራስ ቤት የገባ አለ?» አሉኝ። አለ አልኩ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ደግነቱ በመርካቶ ማን ምን እንደገዛ ባይጻፍም ማን የት እንደተሸከመው አይረሳም። ጫንያለው ሰው ስም ይረሳል፣ የራሱን ዕድሜ ይረሳል፣ አንድ ጊዜ ሸክም ያወረደበትን ደጃፍ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያውቀዋል። ሦስቱንም አረንጓዴዎች ያደረሰው እሱ ነበር፤ ከሌሎቹ ሁለት በርሜሎች የወጡትን አሽትቼ ደኅና ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የጠላ ሻጯን ምድጃ አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ አገኘነው፤ አልነደደም፤ በጥቁር ምድጃ ቀየርንላት፣ ምክንያቱን ስንነግራት ሦስት ጊዜ አማተበች። እትዬ ሙሉ ዘንድ ስንደርስ ግን ምድጃው እየነደደ ነበር። ጌታቸው ሮጦ ባልዲ ውኃ ሲያፈስበት ሴትዮዋ ጮኸች። «ምን ሆናችሁ ነው? ምድጃችሁን እኮ እያመሰገንኩ ነበር! ከትናንት ጀምሮ ዳሴ ውስጥ ዝንብ የሚባል የለም!» አባባ ራሷን ያማት እንደሆነ ጠየቋት። ትንሽ ይወቅረኛል አለች። ዳሱ አራቱም ጎኑ ክፍት በመሆኑ ነው የተረፈችው። ወተት አጠጣናት፤ ለወተቱም ወረፋ ይዘን ነው ያገኘነው። ምትኩን ጥቁር ምድጃ ስንሰጣት «ይሄኛው ዝንብ ያባርራል?» ብላ ጠየቀችን።

ሦስተኛው ሸኖ ነበር። እትዬ ብዙነሽ በመንገዱ ሁሉ ለጫንያለው ሕይወታቸውን በሙሉ ስላወሩለት ቤታቸው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንደሆነ ሳይቀር ያውቅ ነበር። የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያሰረው እሱ ነው። ግን በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እውነቱን ብንናገር ደግሞ «ሕዝብ በመርዝ ሊጨርሱ ነው፣ አሻጥር ነው» መባሉ አይቀርም፤ ያ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ ማን ይመልሰዋል። ወረቀቱ ሁለት ቀን ፈጀ። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንደኖርኩ እኔም አላውቅም። የሕፃን ለቅሶ በሰማሁ ቁጥር ከጆሮዬ አልወጣ እያለ ሥራዬን አቋርጬ እወጣ ነበር። አንዲት ማንቆርቆሪያ ይዤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እኮ። አንድ ቀን ተናግሬ አፍሬ ቢሆን ኖሮ አንዲት አራስ ቤቷን ዘግታ ያንን ነገር አታነድም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ የሰው በሽታ የደበቀስ? በመጨረሻ ምትኩን ምድጃ ይዘን ስንቀርብ የቀበሌው ጸሐፊ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለን።

«አራስ ልንጠይቅ» አልኩ። ውሸትም አልነበረም።

«ምድጃ ተሸክማችሁ?»

«ብርድ ነው አሉን፣ ወንድሜ» አሉ አባባ። ጸሐፊው ማህተሙን መታና «እንኳን ማርያም ማረቻት በሉልኝ» አለን። ምነው አፍህ ወተት በሆነ ብዬ በልቤ ጸለይኩለት።

ጌታቸው መሥሪያውን ጠብቆ ቀረ፤ የሄድነው አባባና እኔ ነን። ሸኖ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስንወርድ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወፍጮ ጠባቂው በእጁ አሳየን። የእትዬ ብዙነሽ ቤት በሩ ዝግ ነበር፤ ከጣራው ክፈፍ ግን ጭስ ይወጣል። አባባ ጭሱን አዩ። የያዝነውን ምድጃ መሬት አስቀምጠው ላዩ ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ግቢ፣ ሙሽሪት። እኔ ብገባም አልለየውም» አሉኝ። ያን ንግግር ለመስማት ሸኖ ድረስ መምጣት ነበረብኝ።

በሩ ድረስ ስሄድ እንደ ውሻ አሸት ነበር። የኩበት ጭስ ሸተተኝ። ቅቤ ሸተተኝ። አብሽ ሸተተኝ። ያኛው የለም። ፈርቼ እንደገና ሳብኩ፤ የለም። በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት። እትዬ ብዙነሽ መሬት ላይ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ገንፎ ያገነፋሉ። ልጃቸው መደቡ ላይ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች፤ ሕፃኑ የሚጠባበት ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል። ምድጃችን ከመደቡ ራስጌ ቆሟል፤ ከላዩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፣ ዳንቴሉ ላይ ድንጋዩ ያለቀ ሬዲዮ ተቀምጦበታል።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ምድጃው አልነደደም?»

«ምነው ልጄ!» አሉ ማማሰያውን እንደያዙ። «ይህን የመሰለ ዕቃ ጥላሸት ላስበላው? ለክርስትናው እንግዳ ይይልኝ ብዬ ነው። ልጅቱም አታስነኩብኝ አለች።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ደስ የሚል ነገር አይቻለሁ፤ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሦስቱንም ድሬያለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ያለ እፎይታ ግን አልደገመኝም። ወጥቼ «አልነደደም!» ብዬ ስጮህ አባባ ተነሥተው ለመምጣት ሁለት ጊዜ ተንገዳገዱ። ገብተው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት አራሷን። ከዚያ ሳይቀመጡ፣ ሳይቀባቡ ነገሯቸው። ምድጃውን የሠሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ በርሜሉ መርዝ እንደነበረበት፣ አሽትቼዋለሁ ያሉት ውሸት እንደሆነ፣ አፍንጫቸው ካቆመ አምስት ወር እንዳለፈው። ለተራው ሰው ያልተናገሩትን ነገር ለማያውቋቸው ሁለት ሴቶች ነገሩ።

እትዬ ብዙነሽ ሕፃኑን አዩት፣ ምድጃውን አዩት፣ አባባን አዩዋቸው። እርግማን ጠበቅሁ። ሴትየዋ ተነሥተው ሬዲዮውን አነሡ፣ ዳንቴሉን ገፈው አጠፉት። «በእግርዎ መጥተው ነገሩኝ። ሌላው ቢሆን ዝም ይለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ውጪ ያስቀመጥነውን ምትክ በበሩ አጮልቀው አዩና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ጥቁር ነው እንዴ? አረንጓዴው ነበር የሚያምረው።» አባባ ሳቁ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ፤ አራሷም ሳቀች፣ ሕፃኑ ጡቱ ተነጥቆ ጮኸ። ገንፎ ሳንበላ አልወጣንም። አረንጓዴውን አባባ ከወፍጮ ቤቱ መዶሻ ተውሰው፣ ከሰውም ከውኃም ርቀን፣ ራሳቸው ሰባብረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት።

በቀጣዩ ሰኞ የተራው ሰው በተሰበሰበበት ያንኑ ነገር ደገሙት። የሳቀባቸው አልነበረም፤ ይልቅ ሁሉም አምስት ወር ሙሉ አሽትተውለት የወሰደውን በርሜል ሲቆጥር ዋለ። በርሜሎቹን ሁሉ አስቀድሜ እኔ አሽትቻቸው እንደነበር ሲሰሙ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ በርሜል እየተንከባለለ የሚመጣው ወደኔ ሆነ፤ መሥሪያችን ምጣድና የከሰል ማንደጃ ወደ መሥራት እስኪዞርና በኋላም ቦታው ለፎቅ እስኪፈለግ ድረስ እኔው አሸተትኩ። ሰዉ ሲያወራ ግን «ደምሴ አሽትቶታል» ማለቱን አልተወም፤ እኔም አላረምኩትም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ከሸኖ ስንመለስ ያለውን መንገድ ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ፣ ዝናቡ ጉልበታችን ላይ ይወርድ ነበር። አባባ ለብዙ ጊዜ ውጪውን ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

«ሙሽሪት» አሉኝ፣ «አሁን ምን ይሸታል?»

እንደሳቸው ሦስት ጊዜ ሳብኩ። «ዝናብ የነካው የበግ ፀጉር» አልኳቸው። «የሾፌሩ ሲጋራ። ከፊታችን ያሉት ሴትዮ ቅል ውስጥ ቅቤ ይዘዋል።»

«ለጋ ነው?»

«ለጋ ነው፣ አባባ።»

ራሳቸውን መቀመጫው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀጥይ» አሉኝ። እኔም እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሳላቋርጥ ነገርኳቸው።